ያልተቀመሰ ቲኪ

ድንቹን የቀቀልኩት በጠዋት ነው። ከነልጣጩ ቀቀልኩት፣ ውሃውን ደፋሁ፣ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ አቀዘቀዝኩት። ትኩስ ድንች ሲላቆጥ እንደ ሙጫ ይጎተታል፤ ከዚያ ዱቄት ጨምሩልኝ እያለ ያስቸግራል፤ ዱቄት የበዛበት ቲኪ፣ ያ ጠፍጥፈን የምንጠብሰው ድንች፣ ደግሞ ከንፈር ላይ ይለጠፋል እንጂ አይበላም። ድንቹ በርዶ ራሱን ሲችል ነው የሚያምረው። ይህን ያስተማሩኝ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ናቸው። ያስተማሩኝ ዕለት ነው ያሰሩኝ።

የዘጠኙ ቀን ጾም ስድስተኛ ቀን ነበር። በእነዚያ ቀናት ሃትራስ ከተማ ባለው ቤታችን ስንዴና ሩዝ አይነካም፣ ሽንኩርት ደጃችን አይደርስም፣ የወትሮው ጨው ተከድኖ ይቀመጥና የድንጋይ ጨው ይወጣል። አማቴ በቀን አንዴ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አራት ቲኪ በእርጎ ይበላሉ። እሱንም ከእኔ እጅ ብቻ ነው። ሌላ ሰው የሠራውን አይነኩም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

ጠዋት ድንቹ ሲፈላ ልጄ ሺልፒ ከጓሊዮር ደወለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። የባሏ እናት ከሞተች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ ባሏና አማቿ፣ ሁለት ወንዶች ብቻ ናቸው።

«እማዬ፣ ሐኪሟ ዛሬ ወይ ነገ ነው አለች። ወገቤን እየቆረጠኝ ነው።»

«ዛሬ እመጣለሁ።»

«ሰባት ወር ሲሆነኝም እመጣለሁ ብለሽ ነበር።»

«ዛሬ መጣሁ አልኩሽ እኮ! የዘጠኝ ሰዓቱን አውቶቡስ እይዛለሁ። እስከዚያ ዝም ብለሽ አትተኚ፣ ተንጎራደጂ።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እማዬ፣ እፈራለሁ» አለችኝ። ሺልፒ እፈራለሁ የምትል ልጅ አይደለችም። እባብ በዱላ የገደለች ልጅ ናት።

ቦርሳዬን አዘጋጀሁ። ሁለት ሳሪ፣ ለሕፃኑ ከአሮጌ ጨርቅ የሰፋሁት መጠቅለያ፣ አንድ ጠርሙስ የሰናፍጭ ዘይት ለማሸት። ስንቅም ያስፈልገኛል፤ በዳርናት ልጅ ቤት እንኳን ምግብ ውሃም አንጠጣም። ስለዚህ ድንቹን ከወትሮው አብዝቼ ነበር የቀቀልኩት።

ሰው ይህን ሲሰማ፣ ታዲያ ቦርሳሽን አንስተሽ አትሄጂም ነበር ወይ ይለኛል። ሄጄ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጾም ወንድሜ ሞቶ አሊጋር ሄድኩ። ገና ሁለተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ ደውሎ «ነይ» አለኝ። ስደርስ አማቴ ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ከላይ ጠርሙስ ተንጠልጥሎ ተኝተዋል። ሁለት ቀን ውሃ ብቻ ነበር የወሰዱት። ሰማንያ ዓመት ለሆነው ሰው ቀልድ አይደለም። ዘመድ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ እኔን ያያል። አንዷ አክስት፣ «ብትሞት ኖሮ በማን ነበር የሚላከከው?» አለች፤ ለሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና፣ ግን እኔ እንድሰማ አድርጋ። ወንድሜን ሳላለቅሰው ቀረሁ።

በዚህ ዓመት ግን አስቤበት ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሚስት ኦምዋቲ አብራን ትኖራለች፤ ባሏ ዴልሂ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው። አንድ ወር ሙሉ ቲኪ አስተማርኳት። ድንቹን በሸካራ መፋቂያ መፋቅ፣ ከኩሬ ከሚለቀመው ፍሬ የሚፈጨውን ዱቄት ሁለት እፍኝ መጨመር፣ ከሙኑን ቆልቶ በእጅ ማሸት፣ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ማድቀቅ። ሁሉንም ቻለች። ጨው ላይ ግን ቆመች።

«እትዬ፣ ጨዉ ስንት ነው?»

«ለስድስት ድንች በሦስት ጣት አንዴ ተኩል።»

«ተኩሉ እንዴት ይቆነጠራል?»

«በሁለት ጣት።»

«ብቀምሰው ምን ይለዋል? ምላስ ለምን ተፈጠረ?»

«ያንቺማ ለወሬ።»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። እኛ ቤት የምታበስል ሴት አትቀምስም። የቀመሰችው ሁሉ ትራፊ ነው፤ ትራፊ ደግሞ ለአምላክም ለሽማግሌም አይቀርብም። ጨውን በእጅ ማወቅ ነው። የአማቴ ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ እኔም በሃያ ሰባት ዓመት ያንን ቲኪ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። ከጾም ውጭ ለራሴ የምሠራው ሽንኩርት ያለበት፣ ከሌላ ድስት ነው።

ልሄድ በተነሣሁበት ቀን ስምንት ሰዓት ሲሆን ኦምዋቲን ምድጃው ፊት አስቀመጥኳት። እኔ በሩ ጀርባ ቆምኩ። አራት ቲኪ ጠፍጥፋ፣ በቅቤ አገላብጣ፣ ሳህን ላይ ደርድራ ወደ ግቢው ወጣች። አማቴ እዚያ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ጥላው ውስጥ ጋዜጣ ይዟል።

አማቴ ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

«ይሄን ኩበት ማን ጠፈጠፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ከብቱስ የታለ?»

ባለቤቴ ጋዜጣው ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ኦምዋቲ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እሷስ የት አለች?» አሉ አማቴ።

«እዚሁ ናት።»

«እዚሁ ካለች እጇ ተቆርጧል?»

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። መደበቅ አልወድም።

«እማማ፣ ሺልፒ ልትወልድ ነው። ጓሊዮር መሄዴ ነው።»

ቦርሳውን አዩት። ከዚያ ሰማዩን።

«ሂጃ! እኔ መች ያዝኩሽ? መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው።»

«እስክመጣ ኦምዋቲ ታበላዎታለች።»

«እኔ ደግሞ ምን ምግብ ያስፈልገኛል? ሦስት ቀን ነው የቀረው። አሮጊት በሦስት ቀን አትሞትም። ብትሞትም አሮጊት ናት።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «የሺልፒ አባት፣ ይሰማል?»

«አንዴ ሥሪላቸውና ሂጂ። ምን ያጨቃጭቃል?»

«ነገስ?»

«ነገን ነገ እናየዋለን።»

«ነገ እኔ እዚህ የለሁም።»

«እንግዲህ...» አለና ጋዜጣውን ገለበጠ። ከዚህ ሰው አፍ «እንግዲህ» ከወጣች ሌላ ቃል አትጠብቁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቦርሳውን ደፉ ላይ አስቀምጬ፣ የሸክላ ምድጃውን ከማድቤት ጎትቼ አማቴ አልጋ ፊት ለፊት አመጣሁት። ኦምዋቲ ከሰል ጨመረችበት። ድንቹን ፋቅኩ፣ ዱቄቱን በተንኩ፣ ከሙን፣ ቃሪያ፣ በሦስት ጣት፣ በሁለት ጣት። እጄን ቅቤ ነካ አድርጌ ጠፈጠፍኩ፤ እንዳይሰነጠቅ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ዞርኩት። አማቴ እጄን እያዩ ነው። ሁልጊዜም እጄን ነው የሚያዩት። ፊቴን አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ቲኪው አንድ ጎኑ ቀላ፣ ገለበጥኩት፣ ሌላውም ቀላ። የመጀመሪያውን አወጣሁ። ያኔ ነው ያ ነገር የመጣብኝ። አስቤበት አይደለም፤ የሕፃኑ መጠቅለያ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ሺልፒ ወገቧን ይዛ ግድግዳ ስትደገፍ ታየኝ። በእኔ እጅ ነው የታሰርኩት፣ እጄን ባረክሰው እፈታለሁ አልኩ። ትኩሱን ቲኪ አንስቼ፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ እንዳልኩ፣ አማቴን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ገመጥኩት።

ኦምዋቲ «እትዬ!» ብላ አፏን በሻሿ ያዘች። ጋዜጣው ወረደ።

አፌ ተቃጥሎ ነበር፣ ግን አኘክሁ።

«ይኸው» አልኩ። «ምድጃ ላይ የምበላ፣ የጾም ምግብ የማረክስ ሴት ነኝ። ከእንግዲህ ከእኔ እጅ መብላት አይገባዎትም። የኦምዋቲን ይብሉ።»

ሌላ ልናገር ስል ምላሴ ላይ ያለው ነገር አቆመኝ። ጨው ነበር። ዝም ብሎ ጨው አይደለም፤ አፍ የሚያኮማትር ጨው።

«ጨው በዝቶበታል» አልኩ፤ ሳላውቀው ነው የወጣኝ።

«አራት ዓመት ሆነው» አሉ አማቴ።

«ምን?»

«አራት ዓመት ሆነው ጨው ከበዛበት። እጅሽ ከብዷል። እያረጀሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ፣ ‹እጄ ተበላሽቷል፣ ሌላ ሰው ይሥራልዎ› ትይ ነበራ! አላውቅሽም እንዴ?»

ይህን ካሉ በኋላ ከአልጋው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቁራጩ ገና ጣቶቼ መካከል ነበር፤ ጥርሴ የነከሰው ቦታ በግልጽ ይታያል። ወሰዱት። በተዳሩበት ቤት ሥልሳ ዓመት ትራፊ ያልነኩት ሴትዮ፣ ልጃቸው የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ሦስቴ አጥበው የሚጠጡት፣ እኔ የገመጥኩትን አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ጥርስ የላቸውም፤ በድዳቸው ቀስ ብለው አላመጡት። እስኪውጡ ድረስ ሁላችንም ጠበቅን።

«በላሁ» አሉ። «ሌላስ ምን ታመጪያለሽ?»

እውነቱን ልናገር፤ ምንም አላመጣሁም። ያለኝ ያ ብቻ ነበር።

«ትራፊ ከበሉ የኦምዋቲንም መብላት ይችላሉ» አልኩ በመጨረሻ።

«ያንቺን ትራፊ ነው የበላሁት። የሷን ንጹሕ አልበላም።»

«እማማ፣ ልጄ ምጥ ይዟታል!»

«እኔም እናትሽ ነኝ!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «የት ነው የምትሄጅው? እኔን ለማን ትተሽ? ለዚህ ለጋዜጣ?» ሲሉ ባለቤቴን በአገጫቸው ጠቆሙት። እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ፤ አስቀምጦ ግን የእግሩን ጣቶች ያይ ጀመር።

ተነሣሁ። ቦርሳው ደፉ ላይ ነው፤ አምስት እርምጃ። ሁለት እንደተራመድኩ የሳሪዬ ጫፍ ከኋላ ተሳበ። ይዘውታል። በቅቤ የራሰች፣ እንደ ወፍ እግር የቀለለች እጅ ናት። ሳብ ባደርገው ይለቅ ነበር። አምላክ ምስክሬ ነው፣ በጣም ቀስ ብዬ እንኳ ብስበው ይለቅ ነበር። ግን ባለፈው ዓመት ያ መርፌ የተሰካበትን ክንድ አየሁት፤ ጠባሳው ገና አልጠፋም። ቆምኩ። ቆሜ ራሴን ረገምኩ፣ እሳቸውን ረገምኩ፣ ድንች የበቀለበትን መሬት ረገምኩ።

ከመንገድ የአውቶቡሱ ረዳት «አግራ፣ አግራ፣ ጓሊዮር!» ሲል ይሰማል።

«ኦምዋቲ» አልኩ ሳልዞር።

«አቤት እትዬ።»

«ቦርሳውን አንሺ።»

«የት ላድርገው?»

«ይዘሽው ሂጂ። ሺልፒ ጋ። ወገቧን በሰናፍጭ ዘይት እሺላት፣ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ እንዳታደርጊው። ስትጮህ አብረሻት አትጩሂ።»

«እኔ? እትዬ፣ እኔ እኮ ብቻዬን አግራን አልፌ አላውቅም!»

«እኔም አላውቅም ነበር። ይሄው እንዳላወቅሁ ቀረሁ። ሩጪ!»

ለስንቅ የሚሆኑ ቲኪዎችን ጎንበስ ብዬ ከምጣዱ አንስቼ በቅጠል ጠቅልዬ ሰጠኋት። ቅጠሉን ስትቀበል ፊቷ ያበራል፤ ልትደብቀው ሞከረች፣ አልቻለችም። አልፈረድኩባትም። የኔን መጠቅለያ፣ የኔን ሳሪ፣ የኔን ስንቅ ይዛ ከበሩ ወጣች። ጫማዋ ሲጠበጥብ ሰማሁት፤ ከዚያ የአውቶቡሱ በር ተዘጋ።

አማቴ ሳሪውን አልለቀቁም።

«ሄደች አይደል፣ ይልቀቁኝ» አልኳቸው።

«ትንሽ ቆይ» አሉ።

አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ምጣዱ ላይ የቀሩት ሁለቱ ቲኪዎች ማረር ጀምረዋል፤ የተነሣላቸው ሰው የለም። ስልኬ ጮኸ። ሺልፒ ናት፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው።

«እማዬ፣ የት ደረስሽ?»

«መንገድ ላይ ናት» አልኩ። «አሁን ተሳፈረች።»

«ናት? ማን ናት?»

«አክስትሽ። ኦምዋቲ።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ምጥ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

«አንቺስ?» አለች ልጄ።

ወደ ታች አየሁ። የአማቴ ጣቶች የሳሪዬን ጫፍ ሁለቴ ጠቅልለውታል።

«እኔ ቤት ነኝ፣ ልጄ» አልኳት።