ታንክ የሚታጠብበት ውሃ

የአሥር አለቃ ደበሌ ጉሮሮ ድምፅ ማጉያ ባይሰጡትም ግድ አልነበረውም፤ ካራማርዳ ላይ ሲያስነጥስ ደምበል ላይ ፍየል ይደነብራል። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት በጋ ግን ሰጡት። ከጅግጅጋ ወደ ደገሀቡር በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ኮረብታ ላይ ቆሞ፣ ማዶ የውሃውን ጉድጓድ ለያዘው ጠላት ሲለፍፍ ይውላል።

"ውሃ እንደሆነ ሞልቶናል! ታንክ እናጥብበታለን! ትናንት አንድ ወታደር ሊሰምጥ ለጥቂት ተረፈ!"

ታንክ አልነበራቸውም። ውሃውም ካለቀ ሁለት ቀኑ ነው።

የጦሩ አዛዥ ሻምበል ቀናው ቦቴ እንዲላክላቸው በሬዲዮ ለመነ። ከላይ የመጣው መልስ፦

"ምን ትቀልዳላችሁ? ልፈፋችሁ በየቀኑ ይደርሰናል። ቦቴውን ለተጠማ ልከነዋል።"

"አንተ ሰው" አለ ሻምበሉ፣ "ጠላትን አታልል ብንልህ የገዛ አለቆችህን ማረክህ! ነገ ውሃ ካልመጣ ሠላሳ ሰው እዚህ መቅረቱ ነው።"

ደበሌ ራሱ ሬዲዮውን ይዞ እውነቱን ተናገረ። ሳቁበት። "አይ ደበሌ! ይቺ ደግሞ አዲስ ዘዴ ናት?"

በማግስቱ ማለዳ የወተት ነጋዴዋ ዐርዶ ግመሏን እየጎተተች ወደ ጅግጅጋ ስታልፍ ደረሰች። ወተቷ ለሠላሳ ሰው አንዳንድ ጉንጭ ሆነ። በአገሯ ደንብ መንገደኛ ሲገናኝ ወሬ ሰጥቶ ወሬ ይቀበላል፤ እዚያ ላይ የዋሸን ደግሞ ማንም ሰላም አይለውም።

"ወሬ ስጠኝ እስቲ፣ ወንድሜ።"

"ውሃ ሞልቶ..."

"ወላሂ፣ ከንፈርህን አየኸው? ተሰነጣጥቋል እኮ!"

ደበሌ አንገቱን ደፋ። "ደርቀናል፣ እህቴ። ጅግጅጋ ላሉት አለቆቻችን ንገሪልን።" ይህን ብሎ የጠዋቱ ልፈፋ እንዳያልፈው ወደ ማጉያው ሮጠ። ዐርዶ ትንሽ ቆማ ጠበቀችው፤ ሳይመለስ ሲቀር ግመሏን ነዳች።

ከቀትር በኋላ ቦቴው አቧራውን እያጨሰ መጣ። ዐርዶን የማያምን ጅግጅጋ ውስጥ የለም፤ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣለች። ደበሌ ሁለት ጄሪካን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ።

"ማዶዎቹ ቦቴውን እንዴት ዝም አሉት?" አለ ሻምበሉ።

"የትኞቹ? ጉድጓዱን ትተው ከሄዱ አራት ቀናቸው! ዛሬ ጠዋት እንኳ ግመሌን አጠጥቼበታለሁ።"

ደበሌን ውሃው ትን አለው። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅኸኝ? ያንተን ሰጥተህ የኔን ሳትቀበል ሮጥክ!"

ሻምበሉ ላቡን ጠረገ። "ማጉያውን አንሳ። ጉድጓዱን በከባድ ውጊያ መያዛችንን ተናገር።"

"ስንት ደመሰስን ልበል፣ ጓድ ሻምበል?"

ሻምበሉ ባዶውን ሜዳ አየ። "ሠላሳ ሰው ነን፤ አታብዛው።"

ደበሌ አሰበበት። ከሦስት ሺህ በታች አፉ እምቢ አለው።