የምትኩ ለቅሶ

ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ባለው አገር አያ ቢሆነኝ ማሲንቋቸውን ይዘው ያልተገኙበት ሠርግ፣ ሠርግ አይባልም ነበር። አባታቸውም አያታቸውም አዝማሪዎች ነበሩ፤ ባለቤታቸው ጥሩወርቅም በድምፃቸው የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ልጃቸው ሙሉሐብት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ ገብታ ስትዘፍን ማንም አልተደነቀም። "ዘር ከልጓም ይስባል" ብሎ አለፈ ሰው ሁሉ።

የሚደንቀው ሌላ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ምትኩ በብሔራዊ ውትድርና አሰብ ሳለ፣ ከወደብ ሠራተኞች ያገኘውን ካሴት ለእረፍት በሚመጣ ጓደኛው እጅ ላከላት። በአንደኛው ፊት ሬጌ ነበረበት። በሌላኛው ደግሞ ዘፈን ይሁን ንግግር ያልለየለት፣ ጥቁር አሜሪካውያን ከበሮ እያስመቱ ቃል የሚያስሮጡበት ነገር። ቋንቋው ባይገባትም ሥራው ገባት። ሬጌው ሰው ሁሉ በሚረግጥበት ቦታ ዝም ይላል፤ ማንም ባልጠበቀው ላይ ይመታል። የሁለተኛውማ ምኑ አዲስ ነው? አያቷ "ተቀበል!" ሲባሉ ከአፋቸው ይወርድ የነበረው የቃል ጎርፍ አይደለም እንዴ! ክራሯን አንስታ ክሩን እየመታች፣ ወዲያው በመዳፏ እያፈነች፣ ጎረቤት እስኪሰለቸው ተለማመደች።

አባቷ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሰሟት።

"ይህ ነገርሽ ያነክሳል" አሏት።

"አውቄ ነው አባ።"

"አውቆ የሚያነክስ ለማኝ ነው።"

ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር አልተነጋገሩም። የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ካሳሁንም ጨዋታዋን "የኢምፔሪያሊስት ጩኸት" ብሎ ከመድረክ ከለከላት። የታዘዘችውን እየዘፈነች፣ የራሷን በልቧ ይዛ ኖረች።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ እሸቴ የሚባል ወጣት ከሐሙሲት በክራንች መጣ። ምትኩ ከአሰብ ወደ ሰሜን ግንባር ሲዛወር አብሮት የነበረ ነው። አያ ቢሆነኝን ከቤት ጀርባ ወስዶ ነገራቸው። ሙሉሐብት ከጓዳ ሆና ድምፁ ሲቆራረጥ ትሰማለች።

"አፈር እንኳ የለም አባቴ። አሸዋ ነው። በእጄ እየዛቅሁ አለበስሁት።"

መርዶው በመንደሩ ሳይሰማ ለጓድ ካሳሁን ደርሶ ኖሮ፣ በማግሥቱ መጣ። "ሞቱ ከመንግሥት ሳይነገር ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው። የሠራዊቱን ወኔ ትሰልባላችሁ" አለ።

እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ብድግ አሉ። "የወለድሁት መንግሥትን አስፈቅጄ ነው እንዴ?"

ለቅሶው ከደብረ ታቦር ዓይን ራቅ ብሎ፣ ዘመዶቻቸው ባሉበት ገሳይ፣ ከመንገዱ በላይ ባለ ሜዳ ላይ ሆነ። የምትኩ ፎቶግራፍና ጋቢው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የሰዉ ብዛት ሙሉሐብትን አስደነገጣት። ደግሞ ከወንዶቹ ኋላ ጓድ ካሳሁን ብቻውን ቆሟል። ያየው ሁሉ ድምፁን ቀነሰ።

አያ ቢሆነኝ ማሲንቋቸውን አነሡ። ደጋኑ ክሩን አንድ ጊዜ ነካ፤ ቃል ግን አልመጣም። ደገሙት። የስንቱን ቤት ሐዘን ሲመሩ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ልጃቸው ላይ አፋቸው ተያዘ። ደጋኑን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አንገታቸውን ደፉ።

ሙሉሐብት ክራሯን ይዛ ተነሣች። ላድርገው ብላ አላሰበችም። ሌላ የምታውቀው መንገድ ስላልነበራት፣ ያነክሳል በተባለው ምት ገባች።

"አፈር ወሰደብኝ ብዬ እንዳላለቅስ፣
አሸዋ ነው አሉኝ የወንድሜ ልብስ።"

ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ምቱ ክራሩ ዝም ባለበት ቦታ ላይ ዱብ አለ። ማንም አላስተማራቸውም። ያን ጊዜ ዜማውን ትታ ቃሉን ለቀቀችው፤ የምትኩን ሳቅ፣ ቁጣውን፣ ሲስቅ የምትዘለዋን ትከሻውን፣ ለእናቱ ውኃ ቀድቶ በወንዶች የተሳቀበትን ቀን፣ ሳትተነፍስ አወረደችው።

"ስሙን ይዞ ሄዶ ቁጥር ሆኖ ቀረ፣
ለእናቱ የሚነግር እንዴት ሰው ቸገረ?"

ከሴቶቹ መካከል አንዲቱ፣ አበበች የምትባል የገሳይ ባልቴት፣ "የኔስ ይርጋ?" ብላ ጮኸች። ሙሉሐብት የይርጋን ስም ተቀብላ አዜመችው። ከዚያ ሌላዋ የልጇን ጠራች፤ ሌላዋም። ያን ዕለት ገሳይ ላይ ሬሳቸውም መርዶአቸውም ያልመጣ ልጆች ሁሉ ተለቀሱ። አያ ቢሆነኝ ማሲንቋቸውን አቅፈው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቁ ነበር። ሙሉሐብት አባቷ ሲያለቅሱ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰኞ ጓድ ካሳሁን ቢሮው አስጠራት።

"ከኪነቱ ተሰናብተሻል። ልብሱን መልሺ።"

ካኪውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ልትወጣ ስትል ቀድሟት በሩን ዘጋው።

"ያ እሸቴ የሚሉት ልጅ … ብዙ ሰው ያውቅ ይሆን? ወንድሜ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ወሬው ጠፋ።"

ለቅሶ የከለከላቸው ሰው ነው። ልትጠላው ፈለገች፤ ዓይኑን ስታይ አልሆነላትም።

"ስሙን ይንገሩኝና እጠይቅልዎታለሁ።"

"ፈንታሁን።"

ጠየቀችለት። እሸቴ ግን ፈንታሁን የሚባል አያውቅም ነበር። ይህንኑ ላከችበት፤ ሰውየውም ነገሩን ዳግመኛ አላነሣም።

ቤት ስትደርስ አባቷ የማሲንቆውን ጭራ እየወጠሩ ነበር። ከኪነቱ መባረሯን ነገረቻቸው። ቀና ሳይሉ፣ "የት ላይ ነው የሚገባው?" አሉ።

"ምኑ አባ?"

"እኔ። ያን ዕለት የተጫወትሽው ላይ፣ የት ላይ ነው የምገባው? አሳይኝ።"

አጠገባቸው ተቀምጣ ክራሩን መታች። ቀድመው ገቡ። ደገሙት፤ ዘገዩ። በራሳቸው ተናደው ደጋኑን ሊወረውሩት ቃጣቸው። "ምትኩ አሸዋ ለብሶም በካሴቱ ያስተምረኛል" አሉና እንደገና አነሡት።

ከዚያ በኋላ፣ ጦርነቱ ራሱ ደብረ ታቦር እስኪደርስ፣ አባትና ልጅ መንግሥት መርዶ ወዳልነገራቸው ቤቶች ሁሉ ተጠሩ፤ ወደ ሐሙሲት፣ ወደ ጣራ ገዳም ግርጌ፣ እንደገናም ወደ ገሳይ። አያ ቢሆነኝ ምቱን ወደድሁት ብለው አያውቁም። አንዳንዴ ዛሬም ይስቱታል። ያን ጊዜ ሙሉሐብት ክሩን በመዳፏ አፍና፣ ቃሏን ይዛ፣ እስኪገቡ ትጠብቃቸዋለች።