ከዋሻው ማዶ ያለው ድልድይ

ኡና ሰባ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የዓይን ሞራዋ ተገፈፈላት። ከዚያ ወዲህ ቤት አልበቃ አላት። ታናሽ ወንድሟ ኤሮል ዘንድ ደወለችና፣ «ብስክሌትህን ዘይት ቀባው፤ በድሮው የባቡር መንገድ እንሄዳለን» አለችው።

«ዓይንሽ ስለ በራ ጉልበትሽም የተመለሰ መሰለሽ እንዴ?» አላት። አፉ ነው እንጂ ከመምጣት አልቀረም።

ሐዲዱ ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በቦታው ጠጠር ፈስሶበታል። ከላውደር መንደር ተነሥተው ሽቅቡን ተያያዙት። ባቡር ዳገት አይወድምና መንገዱ ሽቅብ መሆኑም አያስታውቅ። ኡና ግን ጥቂት ሄድ ትልና ትቆማለች። ጦስኙ አብቦ ኮረብታውን ወይን ጠጅ አልብሶታል። በሩቁ ተራራ ላይ ያለው በረዶ ስንጥቁ ሁሉ ይቆጠራል።

«ይሄ ሁሉ ድሮም እዚህ ነበር?»

«የለም፣ ላንቺ ብለው ትናንት ነው ያመጡት።»

ዋሻው ጋ ሲደርሱ ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ ገቡ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ኤሮል እንደ ባቡር ጮኸ፤ ዋሻውም እጥፍ አድርጎ መለሰለት። እየተሳሳቁ ወደ ብርሃኑ ብቅ ሲሉ መንገዱ ከገደል አፋፍ ተነሥቶ በረጅሙ ድልድይ ላይ ወጣ። ከታች ወንዙ እንደ ክር ቀጥኗል።

የኤሮል ሳቅ ከንፈሩ ላይ ደረቀ። ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲሸልት የኖረው፣ ጡንቻው የተመሰከረለት ሰውዬ፣ ብስክሌቱን ጥሎ የድልድዩን አጥር ጨበጠ።

«አንቺ ሂጂ። እኔ እመለሳለሁ።»

«ምነው፣ አመመህ?»

«እንዳትስቂብኝ። ከፍታ አልችልም። ጣራ ስንኳ ሲያፈስ ሚስቴ ናት የምትወጣው።»

ኡና መሳቅ አልሆነላትም። አብራው ያደገችው ወንድሟ ይህን ያህል ዘመን ይህን ፍርሃት ደብቋት ኖሯል። የራሷንም ብስክሌት አስደግፋ እጁን ያዘችው።

«ጨፍን። እኔ አይልሃለሁ።»

እንደሚድህ ሕፃን በዝግታ ተከተላት። ድልድዩ መካከል ሲደርሱ ኡና ድንገት ቀጥ አለች።

«ምንድን ነው? ተናገሪ እንጂ!»

«ጭልፊት...» አለች በሹክሹክታ፤ «ከእኛ በታች ነው የሚበረው። ኤሮል፣ ጀርባውን እያየሁት ነው!»

ኤሮል አላስቻለውም፤ ዓይኑን ገለጠ። ጭልፊቱ ክንፉን ዘርግቶ፣ አንዴም ሳያርገበግብ፣ በገደሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። ላባው በፀሐይ ወርቅ ይመስላል። ጥላው ከሥሩ ዓለት ለዓለት ይሮጣል። ቀስ እያለ በነፋሱ ተነሣ፤ እነሱ ካሉበት ትክክል ደረሰ፤ ቢጫ ዓይኑን አዙሮ አያቸው፤ አልፏቸውም ወደ ሰማይ ወጣ።

ኤሮል አንገቱን አንጋጦ እስኪጠፋ ሸኘው። እንባው ጉንጩን አርሶታል፤ ሊጠርገው አላሰበም።

«ይህን ሳላይ ልሞት ነበር» አለ።

ተሻግረው አፈሩን ሲረግጡ ነው ኡና ያስታወሰችው። «ብስክሌቶቹስ?»

ኤሮል ድልድዩን ቃኘ። «ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣቸዋለሁ» አለና፣ አጥሩን ጨብጦ፣ ዓይኑን ግን ሳይጨፍን ተመለሰ።