አስተኚዋ

የከባድ መኪናው ሹፌር ለቅሶ ቤት ውስጥ አንኮራፋ። ነፍስ ይማር ብሎ ከተቀመጠ ገና ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም። አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ፤ ባርኔጣው ከጉልበቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ የሚሰማው የእሱ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

አጎትየው ሻይ የምታድለውን የሟቿን ታላቅ እህት፣ ትልቋን፣ በዐይኑ ጠራት።

«ይሄ ሰውዬ በማን በኩል ነው?»

«እኔንጃ ጋሼ። አላውቀውም።»

«ለቅሶ ቤት መሆኑን የነገረው የለም? አልጋ የሚከራይ መሰለው እንዴ?»

ትልቋ ምን ትበል! እሷ ያደረገችው ቢኖር ብርጭቆውን ስታቀብለው ጎንበስ ብላ «ስለመጡ እናመሰግናለን» ማለት ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት ነውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ሹፌሩ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ድምፅሽ...» አለና ሳይጨርሰው ዐይኑ ተከደነ።

እሱ ብቻ ቢሆን የመንገድ ድካም ነው ተብሎ በታለፈ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ግን እንዲህ ያሉ እንግዶች በዝተዋል፤ የማታ ተረኛ ነርስ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ጥበቃ፣ ፈተና የደረሰባት ተማሪ። ቤተሰቡ አንዳቸውንም አያውቅም። ዐይናቸው ቀልቶ ይገባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ትልቋ ስታነጋግራቸው ክው ይላሉ፤ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ይተኛሉ። የሁለቱ እህትማማቾች ድምፅ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ነው፤ አባታቸው በሕይወት ሳለ ስልክ ላይ ይሳሳት ነበር። አሁን ያ ድምፅ ግማሹ ተቀብሮ ግማሹ ሻይ ያድላል። ትልቋ ይህን ስታስብ የራሷ ያልሆነ ነገር የዋጠች ይመስል ጉሮሮዋን በእጇ ትይዛለች።

ትንሿ ሥራዋ ሰው ማስተኛት ነበር። ቀልድ አይደለም፤ መተዳደሪያዋ ነበር። ቁም ሳጥኑን አራግፋ ውስጡን በብርድ ልብስ ትለብጥና ከነድምፅ መቅረጫዋና ካሜራዋ ትገባበታለች። ማይክሮፎኑን በለስላሳ ብሩሽ ትዳብሳለች፣ ወረቀት ቀስ እያለች ታጥፋለች፣ በመቀስ አየሩን ትቆርጣለች፤ ከዚያ ሹክ ትላለች። የቀረፀችውን ኢንተርኔት ላይ ስትለቀው እንቅልፍ የራቃቸው ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ይተኛሉ። «አስተኚዋ» ነበር የሚሏት።

አንድ ጊዜ ትልቋ ከባሏ ቤት ለጥየቃ ስትመጣ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ወተት ተበላሽቶ አገኘችው። ትንሿ ስትቀርፅ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅላ ረስታዋለች።

«እሱ እያቃሰተ ሰው አይተኛልኝም» አለች፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ አንገቷን ብቻ ብቅ አድርጋ።

«ድሮ ሹክሹክታ ነውር ነበር፤ አሁን ደግሞ ሥራ ሆነልሽ!»

«ሰዉ ጩኸት መሮታል፣ እታለም።»

ይህን ያለችው ልጅ ወዲያው ወደ ሳሎን ዞራ «እማዬ! ምሳ በልተሻል ወይ!» ብላ ስትጮህ መስኮቱ ተርገፈገፈ። የትልቋ ደም ፈላ። እናትሽ ላይ ነው እንዲህ የምትጮኺው ብትላት ትንሿ ሳቀች፤ «ተዪን፣ እኛ እንግባባለን» አለች። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ፤ ትልቋ ይህን በልቧ ብላ ሄደች። ቂሙ ከቀብሩም በኋላ አልወጣላትም። ለማታውቀው ሰው ሁሉ እንደ ጥጥ የለሰለሰው አፍ ለእናቷ ድንጋይ መሆኑ ያንገበግባታል።

ትንሿ የሞተችው በእንቅልፏ ነው። ልቧ ነው አሉ። ጠዋት በሯን ከፍታ ያየቻት እናቷ ናት፤ የደከማት መስሏት፣ ትተኛ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ለእናትየዋ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠላት ሆነ። የልጇ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሽፋሽፍቷ ሲከብዳት ክንዷን ትቆነጥጣለች፤ ክንዷ በልዟል። የእንቅልፍ ክኒን ሲሰጧት ምላሷ ሥር ደብቃ ትተፋዋለች። ሊያያት የመጣው ሐኪም ትልቋን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ «እንዲህ ከቀጠሉ ልባቸው አይችለውም፤ ለቅሶ በለቅሶ ላይ እንዳይሆንባችሁ» ብሏታል። ትልቋ እህቷን በቅጡ አልቅሳ ሳትጨርስ እናቷን መቅበር ፈራች። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም።

ሹፌሩ እያንኮራፋ ሳለ ነርሷ ተመልሳ መጣች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«እህቴ፣ አትቆጪኝና... ዛሬ ጠዋት አዲስ ወጣ።»

«ምኑ?»

«የእሷ። ቀድማ ቀርፃ፣ ቀኑ ሲደርስ ራሱ እንዲወጣ አድርጋው ነው መሰለኝ።»

ነርሷ ስልኩን ነካችው፤ ድምፁ ጀመረ። መጀመሪያ የብሩሽ ኮሽታ፣ ከዚያ ሹክሹክታው። «መጣሁ። የትም አልሄድኩም። ዐይንሽን ጨፍኚ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።» ትልቋን ውርር አደረጋት። የራሷ ድምፅ ነው፤ ተናግራው የማታውቀውን ይናገራል።

ቀና ስትል ነርሷ ስልኩን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ተኝታለች። ሲቆጣ የነበረው አጎትየው ሳይቀር አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ቤቱ ሙሉ ሰው አብሮ ትንፋሹን ያስገባል፣ አብሮ ያስወጣል። ከእነዚህ አንዱ ሳይነሳ ቢቀርስ ብላ አሰበች።

ያልተኛችው እናትየዋ ብቻ ናት። ዐይኗ እንደፈጠጠ ነው።

ይሄ ነው መድኃኒቱ፣ አለች ትልቋ በሆዷ። ይህን ሁሉ ሰው የጣለ ድምፅ እናቱን ማስተኛት እንዴት ያቅተዋል! ስልኩን ከነርሷ እጅ ቀስ አድርጋ አወጣችና እናቷ አጠገብ ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ትንሿ ናት» አለች ሹክ ብላ።

እናትየዋ ከንፈሯን ከንፈሯን አየቻት። ትልቋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋላት ጠበቀች። ምንም የለም። እናትየዋ ስልኩን ተቀብላ አየችው፤ መስታወቱ ላይ የልጇ እጆች ብሩሹን ይዘው ይመላለሳሉ።

«እጇ ነው» አለች። «ምን እየሠራች ነው?»

«እያወራች ነው።»

«ምን አልሽ?»

«እያወራች ነው እማዬ።»

«ይኸው፣ አንቺም እንደነሱ!» የእናትየዋ ድምፅ ተሰበረ። «ከሄደች ወዲህ ሰው ይገባል፣ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ ይተኛል። እኔም አብሬያት የሞትኩ እየመሰለኝ ነው። እሷ እንደሆነ ትጠራኝ ነበር። አሁን ብተኛ ማን ይጠራኛል?»

ትልቋ እንደተንበረከከች ጣቷን ወደ ጆሮዋ ወስዳ በዐይኗ ጠየቀቻት።

«ከጠፋ ቆየ» አለች እናትየዋ አቀርቅራ። «ለማንም እንዳትነግሪ ብያት ነበር። በስተርጅና ደንቆሮ ልባል?»

ያ ሁሉ ቂም መግቢያ አጣ። ለካ ያ ጩኸት ለእናቷ የሚደርስላት ብቸኛው ነገር ነበር። ትልቋ እህቷ ከሞተች ወዲህ የዛሬን ያህል ናፍቃት አታውቅም፤ ይቅርታ ልትላት፣ ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ ብላ ልትሰድባትም ፈለገች። የምትሰድባት እህት የለችም።

እናም እዚያው፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ በተኛ ሰው መሃል፣ ከሆዷ ጮኸች።

«እማዬ! እኔ አለሁ!»

ሹፌሩ ብድግ ሲል ብርጭቆው ተሰበረ። አጎትየው «ምንድን ነው! ማን ሞተ!» ብሎ ዘለለ፤ ወዲያው ያለበት ትዝ ብሎት አፈረ። ነርሷ ደረቷን ይዛ ቀረች። ትልቋ አንዳቸውንም አላየች። የምታየው የእናቷን ፊት ነው፤ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲላላ አየች።

«ሰማሁሽ» አለች እናትየዋ።

«በይ ተነሺ! ወደ አልጋሽ!»

«ትጠሪኛለሽ?»

«እጠራሻለሁ!»

ደግፋ ወስዳ አስተኛቻት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ እየሠራች፣ የመጣላትን ሁሉ ጮኸች። ማሰሮው እንደጠቆረ፣ የጎረቤት ድመት መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንደምትሞቅ፣ ሽንኩርቱ ዐይኗን እንዳቃጠላት። ዕንባዋ ይወርድ ነበር፤ በሽንኩርቱ ታሳብባለች። ለቅሶ ደራሹ እርስ በርሱ እየተያየ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አጎትየው በሩ ላይ ቆሞ «ልጄ፣ በሐዘን እብድ እንዳትሆኚብን» አለ። እሷ ጮኸች እንጂ አልመለሰችለትም። ሲመሽ ድምፅዋ ሻከረ፤ እህቷን የሚያስታውስ ነገር አልቀረውም።

ወደ እናቷ ክፍል አንገቷን አስግጋ፣ በቀራት ትንፋሽ፣ «እማዬ! ተኛሽ ወይ!» አለች።

«ኤጭ!» አለች እናትየዋ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው አታስተኚም?»

ወደ ግድግዳው ዞረችና ብርድ ልብሱን ጎትታ ጆሮዋን ሸፈነች።