ከጣት ወይስ ከክንድ

አሳየች አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ጁስ ቤት ከከፈተች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። እስከ ዛሬ ስንት ኩንታል ፓፓያ እንደላጠች እግዜር ይወቀው። ጎህ ሲቀድ ተነስታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ቢላዋዋን ይዛ ቁጭ ትላለች። መንገደኛው ሳይመጣ ፓፓያውም ማንጎውም ተልጦ፣ ተከትፎ መጠበቅ አለበት።

ስኳር እንዳለባት ካወቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ኪኒኗን አታቋርጥም። ከገዛ ጁሷ አንድ ጉንጭ አትቀምስም፤ ደንበኞቿም «ውኃ ጠጪዋ ባለ ጁስ ቤት» እያሉ ይቀልዱባታል።

ባለፈው ወር ልጇ የምስራች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ የሆነችው፣ መዳፍ የምታክል የስኳር መለኪያ ገዛችላት። ጣትን ወጋ አድርጎ አንዲት ጠብታ ደም መስጠት ነው፤ ወዲያው ቁጥሩን ትናገራለች። የምስራች አሠራሩን አንድ በአንድ አሳየቻት፤ ቁርስ ሳይበላ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጣትን አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጎ። አሳየችም አንድ ቀን አላጓደለችም። አንድ ሰዓት ሲሆን ቢላዋዋን ታስቀምጣለች፣ ጣቷን ትጠርጋለች፣ ትወጋለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። 287። 304። 291።

ደብተሩን ያየው ሐኪም ግንባሩን ቋጠረ። በአሥር ቀን ውስጥ ካልወረደ ኢንሱሊን እንደሚያስጀምራት ነገራት። የምስራች ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። መርፌ እየተወጉ፣ ምግብን በሰዓት እየበሉ ከንጋት እስከ ማታ መቆም አይቻልም፣ ጁስ ቤቱ ይዘጋ አለች።

አሳየች መርፌውን አልፈራችም፤ አራት ልጅ ወልዳለች። ያስጨነቃት ጁስ ቤቱ ነው። ባሏ ሲሞት ያቆማት፣ ልጆቿን ያሳደገላት እሱ ነው። ደግሞስ ከፍ ያለ ስኳር ምን እንደሚያደርግ ታውቀዋለች። መጀመሪያ የታመመች ጊዜ ውኃ ጠጥታ አትረካም ነበር፣ ዓይኗም ጭጋግ ለብሶ ነበር። አሁን ግን የአውቶቡሱን ታርጋ ከመንገዱ ማዶ ታነባለች።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ላቦራቶሪ ሄጄ ከክንዴ ደም ይቀዳልኝ አለች። የምስራች አልተዋጠላትም። ማሽኑ ቤት ተቀምጦ ምን ወረፋ ያስጠብቃል፣ ደም እንደሆነ ያው ደም ነው ብላ ተከራከረች።

«ይቺ ማሽን የምታውቀው ጣቴን ነው ልጄ» አለች አሳየች። «እኔን ገና አላወቀችኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሳትልጥ፣ ሳትበላ ከልጇ ጋር ወጣች። ያደረሳቸው የባጃጅ ሹፌር ኢዛና የጁሷ ደንበኛ ነው፤ ብልቃጥ ሙሉ ደም ሰጥተው ለእኛ ጁስ የሚፈጩበት አቅም እንዳያጡ እያለ መንገዱን ሁሉ አሾፈባት። እሷም እስከዚያው አንተ ትፈጫለህ አለችው። ባዶ እጅ መሄድ ስለማይሆንላት አንድ ትልቅ ፓፓያና ቢላዋዋን በዘንቢል ይዛለች።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ምልኬሳ ክንዷን በጎማ አስሮ፣ ደም ሥሯን ዳብሶ፣ ሳያሳምማት ቀዳ። ማሽኗን እንዳመጣች ሲሰማ፣ በዚያው ሰዓት ጣቷንም እንድትለካ ጠየቃት። ማሽኑ 131 አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የክንዷ ውጤት ወጣ፤ 128።

የምስራች ግራ ገባት። ትናንት 296 ነበር እኮ አለች። ምልኬሳ ማሽኑ እንዳልተበላሸ አረጋገጠላቸውና ወደ አሳየች ዞረ።

«አዴ፣ ጠዋት ከመለካትዎ በፊት ምን ሲሠሩ ነው የሚቆዩት?»

«ምን እሠራለሁ፣ ፓፓያ ስልጥ ነዋ።»

ምልኬሳ ዘንቢሉን አየ። ከዚያ ውጭ ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወሰዳቸውና፣ እንደ ጁስ ቤቷ አድርጋ እንድትልጥ ለመናት። አሳየች ላጠች። ጣቷን በአልኮል ጥጥ ጠረገች፣ ወጋች። 302። የምስራች አፏን ያዘች። ምልኬሳ ግን ተረጋግቶ የቧንቧውን ውኃ ከፈተላት፤ እጇን በሳሙና ደህና አድርጋ ታጥባ፣ አድርቃ፣ ሌላ ጣት ለካች። 130።

የፍሬው ጭማቂ ጣት ላይ ይቀራል፣ ስኳሩን ጥጥ ብቻውን አያስለቅቀውም ሲል አስረዳቸው። የቤቷ ማሽን እጅ ከታጠቡ ለዕለት ለዕለቱ ታገለግላለች፤ መድኃኒት ለመለወጥ ሲታሰብ ግን ከክንድ የተቀዳው ይታይ አለ።

«እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» አለች የምስራች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ታጠቢ አላልኩሽም።»

«አንቺማ ማሽኑን ባታመጪ ኖሮ እኔስ ክንዴን መች እሰጥ ነበር» አለችና የተላጠውን ፓፓያ ለምልኬሳ አቀበለችው።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ወረቀት አነበበ። ኢንሱሊን አላስፈለገም፤ ኪኒኑ ይቀጥላል፣ በየሦስት ወሩ ከክንድ ይቀዳል።

በማግስቱ ንጋት ላይ የምስራች ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በጁስ ቤቱ አለፈች። እናቷ እጇን ታጥባ፣ ለክታ፣ 126 ብላ ጽፋ ጨርሳለች፤ ቢላዋውን ገና አሁን ማንሳቷ ነው። የምስራች ደብተሩን ወሰደችና የድሮዎቹን ትልልቅ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ከጎናቸውም «የፓፓያው» ብላ ጻፈች።

አሳየች አየችና ሳቀች። ከዚያ የመጀመሪያው አውቶቡስ ጥሩንባውን ሲነፋ ሰማች፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።