የማውሰው ካልኩሌተር

ሰኔ ላይ ሰው ይሰለቸኛል። በተለይ «ቲቸር፣ ውጤቴን ይዩልኝ» የሚል ሰው። አሰላ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የመሬት ቅየሳ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር ቀርቶኛል። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ጆሮዬም ልመና አይወድም።

ስለዚህ ተማሪዬ ሶረቲ ቢሮዬን አንኳኩታ ስትገባ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ውጤት ተልኳል፣ አልቋል» አልኳት።

«ለውጤት አይደለም፣ ቲቸር። ልሰናበትዎ ነው። ነገ አገሬ ጮሌ እገባለሁ።»

ጮሌ ወረዳ የሚኖር ገበሬ ልጅ ናት። በእኔ ትምህርት በመውደቋ ኮሌጁ አሰናብቷታል። ወረቀቷ ትዝ ይለኛል። አንድ አንቴና በአርባ ሜትር ሽቦ ተወጥሯል፣ ሽቦው ከመሬት ጋር ሠላሳ አምስት ዲግሪ ይሠራል፤ አንቴናው ስንት ሜትር ይረዝማል? መልሱ ሃያ ሦስት እንኳ አይሞላም። እሷ 1400 ብላለች። ሌሎቹም መልሶቿ ከዚህ አይሻሉም ነበር። እኔም በቀይ «አሰላ ውስጥ የጭላሎን ተራራ የሚያህል አንቴና የት አየሽ?» ብዬ ጻፍኩባት። ስጽፈው ሥቄ ነበር።

«ካልኩሌተርዎን ስላዋሱኝ ገለቶማ ልልዎ ነው የመጣሁት» አለች። «እርስዎ ባይኖሩ ባዶ ወረቀት ነበር የምሰጠው።»

ካልኩሌተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ገና ጀማሪ ሳለሁ ከሙህሲን ሱቅ የገዛሁት ነው፤ በጊዜው ሳይንና ኮሳይን ከሚያወጡት ሁሉ ርካሹ። ሙህሲን ከዚያ ወዲህ የካልኩሌተሩን ታናናሾች እያስመጣ ሸጧል፤ መጀመሪያ ባለ ሁለት መስመሩን፣ ቀጥሎ ክፍልፋይን ልክ እንደ ደብተር ደርድሮ የሚያሳየውን። ተማሪው እነሱን ይይዛል። መግዣ ያጣ በስልኩ ይሠራል፤ ፈተና ላይ ግን ስልክ ክልክል ነው። ለእንዲህ ያለው ተማሪ የእኔን አውሳለሁ። በዚህ እኮራ ነበር፣ አልዋሽም።

«ታዲያ እሱን ይዘሽ እንዴት 1400 አወጣሽ?» አልኳት። ንዴቴ ገና አልበረደም።

«እሱ ነዋ ያወጣው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

አንስታ ነካካች። አርባ፣ ማባዣ፣ ሳይን፣ ሠላሳ አምስት፣ እኩል ይሆናል። 1400።

ክው አልኩ። የእኔው አሮጌ ካልኩሌተር ቁጥሩን አስቀድሞ ይፈልጋል፤ ሠላሳ አምስት ከተጻፈ በኋላ ነው ሳይን የሚነካው። ሳይን ከቀደመ ዝም ብሎ ይውጠውና አርባን በሠላሳ አምስት ያባዛል። ተሳስተሃል እንኳ አይልም። ታናናሾቹና ስልኩ ግን ወረቀት ላይ እንደሚጻፈው ሳይንን አስቀድመው ይቀበላሉ። ይህን አውቃለሁ። ጣቶቼ ስለለመዱት ለማንም መናገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ቁጥሩ አልበዛብሽም?»

«በዝቶብኝ ነበር። ግን የእርስዎ ነው ብዬ አመንኩት።»

አፈርኩ። ውጤት ለማስተካከል ደብዳቤ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ አለ። ለአፍታ ያህል ዝም ብል ልጅቷ ትሄዳለች፣ እኔም አርፋለሁ ብዬ አሰብኩ። ድካም እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ነገ እንዳትሄድም ለመንኳት።

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ካልኩሌተሩን አገላብጣ አየችው።

«ቲቸር፣ አምና ለማን ነበር ያዋሱት?»

ለቦና። ካቻምና ለጠጂቱ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ስማቸውን አላስታውስም፤ ሁሉም ስልክ ብቻ የነበራቸው፣ ሁሉም የወደቁ። በቀይ የጻፍኩባቸውን ግን አስታውሳለሁ።