በሽቦው ማዶ ያለችው ላም

ዱቤ ፓስፖርቱን በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ሰረቀችው እንዳትሉኝ ብዬ ነው። ቆጵሮስ፣ ላርናካ ላይ ከአውሮፕላን ወርደን ማኅተሙ እንደተመታልን አቀበለኝና “ወረቀት የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ አንቺ ያዢው” አለኝ። ያዝኩት። ከዚያ በኋላ አልለቀቅኩትም።

እኔ ሣራ፣ ነገሌ ቦረና ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ የጤና ረዳት ነበርኩ። ዱቤ ደግሞ የዚያው ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ሊበን ውስጥ ከመንደር መንደር በእግሩ እየዞረ ከብት ይከትባል። በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ድርጅቱ ስለ ድርቅ የሚመክር ስብሰባ ቆጵሮስ ላይ ጠራና ድርቁን የቀመሰ ሰው ይምጣ አለ። ዱቤ ተመረጠ። ከኦሮምኛ ሌላ እምብዛም አይናገርም፣ እኔም አስተርጓሚው ሆኜ ተመደብኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጳውሎስና በርናባስ የረገጧትን ደሴት ልታዪ ነው ብለው ጸለዩልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ያኔ ከአገር ለመውጣት ዋስ ያስፈልግ ነበር። የሄደው ካልተመለሰ ዋሱ ይታሰራል። ዋሱ ደግሞ ደመወዝተኛ ወይም ከተማ ውስጥ ቤት ያለው ሰው መሆን አለበት። ለእኔ ባለሱቁ አብዱልሃሚድ ፈረመልኝ፤ ስለ ራሴ አልሠጋሁም፣ መመለሴን አውቃለሁ። የዱቤ ዘመዶች ግን ከብት እንጂ የከተማ ቤት የላቸውም። ለእሱ የፈረመለት አባቴ ነው፣ መምህር ዋቅጅራ፤ አስም ይዞት ከገበያ ቤት እስኪደርስ ሦስት ቦታ ቁጭ ብሎ የሚያርፍ ሰው።

“ተው አባዬ፣ ሰው አይታወቅም” አልኩት።

አልሰማኝም። እኔ ሕፃን ሳለሁ እናቴ ታማ ጡቷ ሲደርቅ፣ የዱቤ እናት ጉያቱ፣ የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ እየነዱ መጥተው በራችን ላይ አስረውልን ሄዱ። ሁለት ክረምት በዚያች ላም ወተት ነው ያደግኩት። “ለጉያቱ የምመልሰው ላም የለኝም፤ ስም ግን አለኝ” አለና ፈረመ።

እኔ ደግሞ ወልደገብርኤልን አስብ ነበር። ወልደገብርኤል ክብረ መንግሥት ከተማ ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ ለእህቱ ልጅ ዋስ ሆነ፣ ልጁ ውጭ አገር በዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈታ በግድግዳ ተደግፎ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እሱም ጤነኛ ሆኖ የገባ ሰው ነው። አባዬ ቢታሰር ሁለት ዓመት አይሞላም። ሁለት ወርም አይሞላም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ጠርጣራ ነኝ።

ስብሰባው አያ ናፓ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነበር። ባሕሩ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ጥቁር ሰማያዊ ነው። ፈረንጆቹ ከጠዋት እስከ ማታ ራቁታቸውን በሚባል ሁኔታ አሸዋው ላይ ተዘርግተው ይውላሉ። ዱቤ ነገሌ ከሸምሳ ሱቅ የገዛውን ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በመካከላቸው እየተራመደ “እነዚህ ሰዎች እንደ ቆዳ ፀሐይ ላይ የሚሰጡት ለምንድን ነው?” ይለኛል። የባሕሩን ውሃ በእፍኙ ቀምሶ ተፋውና ቦረና ኤል ሶድ ሐይቅ ካለው ጨው ይብሳል አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስቀኝ ነበር። እኔ ግን የማየው እግሩን ነው፤ ወዴት እንደሚያመራ።

ጭንቀቴን ያባሰው ጣዲቻ ነው። ጣዲቻ ከኬንያ የመጣ የማርሳቢት ቦረና ነው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን “አካም? ናጋ?” ተባብለው ከዱቤ ጋር እንደ ወንድም ሆኑ። እኔ ስጠጋቸው ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ “ወረቀት” የምትል ቃል ጆሮዬ ገባችና ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

በስምንተኛው ቀን ሥራ አልነበረም፤ አውቶቡስ ተከራይተው ሊያስጎበኙን ነው። ልንሳፈር ስንል ዱቤ መጣ።

“ሣራ፣ ወረቀቴን ስጪኝ።”

“ምን ሊያደርግልህ?”

“ሰው ወረቀቱን ይዞ ነው የሚሄደው።”

“ሆቴሉ ካዝና ውስጥ ነው፤ ማታ ይሰጡሃል” አልኩት። ፓስፖርቱ በዚያች ደቂቃ በውስጥ ቀሚሴ ላይ በሰፋሁት ኪስ ውስጥ ጭኔን እየነካኝ ነበር። ዱቤ አየኝ፤ እሺ ብሎ ተሳፈረ። እሺ ማለቱ ራሱ አስፈራኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ከተማዋ መካከል ወዳለው ገዳም ነው። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ስድስት መቶ ዓመት ይሆነዋል አሉን። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሱ ዱቤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከግንቡ ሥር እርጥብ ሣር ነጭቶ በእጁ ያዘ፣ ከዛፉ ጥላ ገብቶ ዝም ብሎ ቆመ። “ኦዳ እዚህም አለ” አለኝ ሾላውን እያየ። “ኦዳ ያለበት አገር ሰው ይኖርበታል።” ይህን የተናገረው ዛፉን አድንቆ ነው፤ እኔ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። ይኖርበታል ማለት ምን ማለት ነው? ማን ነው የሚኖርበት?

ቀጥለን ባሕር የፈለፈላቸውን ዋሻዎች አየን። እንዴት እንደሆኑ አትጠይቁኝ። ዱቤ ጫፍ ላይ ሲቆም አየሁ፣ ዱቤ ከጣዲቻ ጋር ሲያወራ አየሁ፣ ዱቤ ሲያነጥስ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ኮረብታማ መንደር ወሰዱን። ከዚያ ላይ ሲታይ ማዶ ባሕሩ ዳር ረጃጅም ሆቴሎች ያሉበት ትልቅ ከተማ አለ፤ አንድም ሰው ግን የለበትም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጦር መጣና ሕዝቡ የለበሰውን ለብሶ ወጣ፤ ከተማውን በሽቦ አጠሩት፣ በዚህና በዚያ መካከልም ማንም የማይገባበት መሬት ተተወ። አስጎብኚዋ ከከተማው ከወጡት አንዷ ነበረች። “ያ አራተኛው የኛ ነው፤ ልብስ አስጥተን ነው የወጣነው” አለች። አጉልቶ በሚያሳየው መነጽር እንድናይ ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን አስጠጋሁ። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ አንዱ ላይ መጋረጃ ይወዛወዛል። ደሴቲቱ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ነገር ከልቤ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለደቂቃ ያህል አባዬንም ዱቤንም ረሳሁ።

ዞር ስል ዱቤ የለም።

አውቶቡሱ ውስጥ አየሁ፣ ሽንት ቤቱን አስከፈትኩ፣ ከሻይ ቤቱ ጓዳ ገባሁ። ጣዲቻን ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት።

“የት ደበቅከው?”

“ኧረ እህቴ፣ ምን ሆነሻል? የውሃ ጠርሙሴን ተቀብሎኝ ወደ ታች ወረደ።”

“ወረቀት ወረቀት ስትሉ የነበረውስ?”

“ሰው አገር ያለ ወረቀት አትንቀሳቀስ፣ ሰውም ጋ አታስቀምጠው ነው ያልኩት። ምን አጠፋሁ?”

ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግነው። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ አባዬን ስንት ጊዜ እንዳሰሩት፣ ስንት ጊዜ እንደቀበርኩት አልነግራችሁም። ከዚያ አስጎብኚዋ ፖሊስ በስልክ አነጋግራ መጣች፤ ሽቦ አልፎ የገባ፣ ወረቀት የሌለው ጥቁር ሰው ተይዟል።

ፖሊስ ጣቢያው አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ዱቤ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ባርኔጣው በጭኑ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል፣ የኮቱ እጅጌ ተቀዷል። መኮንኑ ጢሙ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ፓስፖርት ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቀሚሴን ከፍ አድርጌ፣ ከኪሴ አወጣሁት። ስዞር ዱቤ ያየኛል።

“አንቺ ጋ ነበር?” አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

መኮንኑ ገጾቹን አገላብጦ፣ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ቀስ እያለ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። “ከእናንተ አገር የሚመጡ ሰዎች አንዳንዴ መመለስ ይፈራሉ። እሱም የሚፈራው ነገር ካለ እዚሁ ለእኔ ይናገር። በግድ አውሮፕላን ላይ የሚጭነው የለም፤ ጉዳዩ እስኪታይ እዚህ መቆየት ይችላል። ይህን በደንብ አስረጂው፣ መልሱን እጽፋለሁ።”

የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማስተርጎም ደግሞ ሥራዬ ነው። ግን አባዬ ከገበያ ሲመለስ የሚያርፍበት ድንጋይ ታየኝ፤ የወልደገብርኤል መዳፍ ግድግዳውን ሲዳስስ ታየኝ። ዱቤ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ባለማወቄ ነው የፈራሁት።

“ዱቤ” አልኩት በኦሮምኛ፣ “ሽቦውን አልፈህ ለምን ገባህ ይልሃል።”

ዱቤ ቀና አለ፤ ለጥያቄው አመሰግናለሁ የሚል ይመስል ነበር። “ሁላችሁም ባዶ ቤት ስታዩ እኔ ላም አየሁ። ጠባቂ የላትም። ገመዷ ከሽቦው ተጠላልፎ አንገቷን አንቆ ይዟታል፣ ምላሷ ወጥቷል። የማን ናት ብዬ ልጠይቅ? በጥም የምትሞት ላም እያዩ ይታለፋል እንዴ? በባርኔጣዬ አጠጣኋት፣ ገመዱን ቆረጥኩት፣ ሄደች። ንገሪው፤ አልሰረቅኩም።” ሲናገር በሁለት እጁ አንገቱን ይዞ መታነቋን አሳየ።

መኮንኑ ፊቱ ተለወጠ። “አንገቱን የያዘው ለምንድን ነው? ይገድሉኛል ነው የሚለው?”

“አይደለም፤ ስለ ላሚቱ ነው” አልኩት። ይህ እውነት ነው። “መመለስ አልፈራም ይላል። ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል።”

መኮንኑ ዱቤን ትክ ብሎ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ጻፈ። ዱቤ ፈረመ፤ ስሙን መጻፍ ያስተማረው አባዬ ነው።

ወደ አያ ናፓ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ ከሄድን በኋላ “ፖሊሱ ብዙ ተናገረ፤ ያንቺ ግን አጭር ነበር” አለኝ።

“ፈረንጅ ነገር ያስረዝማል” አልኩት።

“ምን አለ?”

“ስለ ላሚቱ ነው ያልኩህ።”

ራሱን ነቀነቀ፤ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ማየት ቀጠለ። ፓስፖርቱን ዘረጋሁለት። “ያዢው፤ ከለመድሽው” አለ።

ነገሌ ስንገባ አባዬ መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ነበር፣ እያለከለከ። አቅፌው አለቀስኩ፤ የናፍቆት መሰለው። ያን ሌሊት የተኛሁት ከወር በኋላ የመጀመሪያው እንቅልፌ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

በጥቅምት ዱቤ ወይፈን ሊሸጥ በገበያ ቀን ነገሌ ገባና በአፈሳ ተያዘ። ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው ይፈቅዳል ተባለ። ድርጅቱ ለመነ፣ አባዬ እያረፈ እየተነሣ ጦር ሰፈሩ በር ድረስ ሄደ፣ አልሆነም። ከሰሜን ጦር ግንባር አንድ ደብዳቤ መጣ፤ አንብቤ ለእናቱ ነገርኩ። ሁለተኛ አልመጣም። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ።

ጉያቱ ከሊበን ሲመጡ አሁንም ወተት በጮጮ ይዘውልን ይመጣሉ። አባዬ በር ላይ ይቀበላቸዋል፣ ይመራረቃሉ፣ ከዚያ “ስለዚያ ደሴት ንገሪኝ” ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። አሸዋው ላይ ስለተሰጡት ሰዎች፣ ሣር ይዞ ስለቆመበት ኦዳ፣ ሰው ስለሌለበት ከተማ። ይስቃሉ። ልጃቸው በሕይወት ያለ ያህል ይሆንላቸዋል፤ እኔም ከተጀመረ አላሳጥርባቸውም።

ባለፈው ሳምንት ግን ፖሊስ ጣቢያው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

“ዱቤ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር” አሉ። “ፖሊሱ ብዙ ተናገረ፣ ሣራ አሳጠረችው፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም ብሎ። ምን ነበር ልጄ?”

አባዬ አጠገባችን ወተቱን ወደ ኩባያ እየቀዳ ነው። ደረቱ ያፏጫል፤ ግን አለ፣ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ወተት ይቀዳል። እሱን አየሁ፣ ከዚያ እሳቸውን።

“ስለ ላሚቱ ነበር፣ እማማ ጉያቱ” አልኳቸው።



“ላሚቱስ ተረፈች?”

“ተርፋለች።”

“ተመስገን” አሉና፣ አባዬ የሰጣቸውን ኩባያ ተቀብለው ለእኔ አቀበሉኝ።